በከተማ መኖርና የከተማ ሰው መሆን

በከተማ መኖርና የከተማ ሰው መሆን ለብዙዎቻችን አንድ ነገር ይመስለናል። በቻይና ግን ሁለቱን የሚለይ መዝገብ አለ፤ ይኸውም ሁኮ የተባለው የቤተ ሰብ ምዝገባ ነው። በ1958 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በሕግ የጸናው ይህ ደንብ በብዙ ከተሞች ዛሬ ላልቷል፤ እንደ ቤይጂንግ ባሉት ታላላቅ ከተሞች ግን የልጆች ትምህርት ገና ከመዝገቡ ጋራ የተሳሰረ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ ከተመዘገቡበት ስፍራ ርቀው የሚኖሩት 376 ሚሊዮን ያህል ነበሩ።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ኑሯቸውን በኢንተርኔት ጽፈው አስነብበዋል። እኛም የምንጠይቀው፣ ጽሑፉ ለጸሐፊው በከተማው ውስጥ ስፍራ ያስገኝለታልን? ብለን ነው።

ወይዘሮ ፋን ዩሱ ከሁቤይ ገጠር መጥተው በቤይጂንግ የሰው ልጅ ያሳድጉ ነበር። በ2017 ስለ ራሳቸው የጻፉት ታሪክ በጥቂት ቀን ውስጥ በመላው አገር ተነበበ። ሌሊት የባለጠጋውን ሕፃን ሲያባብሉ፣ የራሳቸው ሴቶች ልጆች በከተማው ዳር ፒሱን በተባለው መንደር ያለ እናት ያድራሉ። የትምህርት ቤት በር ለተዘጋባት ለታላቂቱም አሮጌ መጻሕፍት በሚዛን ይገዙላት ነበር።

አቶ ሁ አንየን ደግሞ በ2020 ስለ ሌሊት ሥራቸው በኢንተርኔት ጽፈው ታወቁ፤ በ2023ም በቤይጂንግ ዕቃ ስለ ማደላቸው መጽሐፍ አወጡ። በዚያ ሥራ ደቂቃቸውን በገንዘብ ተመኑት፦ 1 ደቂቃ ግማሽ ዩዋን ነው፤ እንግዲያስ ሽንት ቤት መሄድ 1 ዩዋን፣ 20 ደቂቃ የሚፈጀው ምሳ 10 ዩዋን ያስከፍላል። ስለዚህ ምሳውን ተዉት፤ ውሃም እንዳያበዙ ተጠነቀቁ።

ለጥያቄያችን መልሱ ከዚህ ይገኛል። ዝና መዝገብ አይለውጥም፤ ብዙ አንባቢ ማግኘት ለልጅ የትምህርት ቤት በር አይከፍትም። ነገር ግን እነዚህ ጸሐፊዎች ከተማውን አስገባን ብለው አይለምኑም፤ ከተማው በእነርሱ ሌሊትና ደቂቃ እንደሚኖር ቈጥረው ያሳያሉ። በዚህም ጥያቄው ይገለበጣል፤ እነርሱ የከተማው ናቸውን? መባሉ ቀርቶ፣ ከተማው ዕዳውን ያውቃልን? ይሆናል።

እንግዲህ፣ ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ስናነብ ማዘን ብቻ አይበቃም። ሒሳቡን ከጸሐፊው ጋራ አብረን እንቍጠር፤ የሥነ ጽሑፉ ኃይል ያለው ከዚያው ነውና።