አይሁድና የአባቶቻቸው ምድር

የግብፅ ገበሬ የዓባይን ወንዝ ይጠብቃል። ሰማዩ ባይዘንብለትም ውኃውን በቦይ ወደ እርሻው ይመራል፤ ስንዴውም ይበቅልለታል። የእስራኤል ምድር ግን እንዲህ አይደለችም። ተራራና ሸለቆ ናት፤ የምትጠጣውም ከሰማይ የሚወርደውን ዝናም ነው። የፊተኛው ዝናም በጥቅምትና በኅዳር፥ የኋለኛውም በመጋቢትና በሚያዝያ ካልወረደ እህሉ ይደርቃል። ይህን ልዩነት ኦሪት ዘዳግም አስቀድማ ተናግራለች። ስለዚህ የአይሁድ መምህራን በዚያች ምድር የሚኖር ሰው ዕለት ዕለት ዐይኑን ወደ ፈጣሪው ማንሣት ግድ እንደሚሆንበት አስተማሩ።

ኦሪት ካዘዘቻቸው ትእዛዛት ብዙዎቹ በማናቸውም አገር ይፈጸማሉ። ሰንበትን ማክበር፥ አባትንና እናትን መታዘዝ፥ አለመስረቅ በሮምም በባቢሎንም ያው ነው። ሌሎቹ ግን በዚያች ምድር ላይ ካልሆነ አይፈጸሙም። ገበሬው ሲያጭድ የእርሻውን ዳርቻ ለድኻ ይተዋል፤ የወደቀውን ቃርሚያ ተመልሶ አይለቅምም፤ በኵራቱንና አሥራቱንም ይለያል። ከሁሉ የሚከብደው የሰባተኛው ዓመት ሕግ ነው። ስድስት ዓመት ከታረሰች በኋላ ምድሪቱ በሰባተኛው ሰንበቷን ታከብራለች፤ አትታረስም፥ አይዘራባትም፥ ወይኑም አይገረዝም። በራሱ የበቀለውን ድኻውና መጻተኛው፥ የዱር አውሬውም ይበሉታል። ምክንያቱም በኦሪት ዘሌዋውያን ተጽፏል፤ ምድሪቱ የእግዚአብሔር ናት፥ ሰዎቹም በእርሱ ዘንድ እንግዶች ናቸው። እንግዲህ አይሁዳዊ በአባቶቹ ርስት ሲኖር ባለርስት ብቻ አይደለም፤ ጭሰኛም ነው፤ ጌታውም ግብሩን ይጠይቀዋል።

በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሮማውያን በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱን አቃጠሉ፤ በ135 ዓ.ም. ደግሞ የአይሁድን ዐመፅ ከሰበሩ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይገቡ ከለከሏቸው። በዚያው መቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ሊቃውንት፥ የሸሙዓ ልጅ አልዓዛርና ጫማ ሰፊው ዮሐናን፥ ኦሪትን ለመማር ወደ ንጽቢን ጉዞ ጀመሩ። በዚያ ይሁዳ የበቴራ ልጅ የሚባል የታወቀ መምህር ነበረ። ሲዶና በደረሱ ጊዜ ግን የተዉአትን ምድር አሰቡ። ዐይናቸው እንባ አፈሰሰ፤ ልብሳቸውንም ቀደዱ። በምድሪቱ መቀመጥ ከትእዛዛት ሁሉ ጋር እኩል ሆኖ ይመዘናል ብለው ተነጋገሩና ወደ አገራቸው ተመለሱ። የሄዱት ለንግድ ወይም ለተድላ ቢሆን ኖሮ መመለሳቸው ባላስደነቀ ነበር። ትምህርት በአይሁድ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከበር የሚያውቅ ሰው ግን የእንባቸውን ዋጋ ያውቃል።

ሁሉም አንድ አሳብ አልነበራቸውም። ከባቢሎን ሊቃውንት አንዳንዶቹ፥ ጊዜው ሳይደርስ ወደ ምድሪቱ መውጣት አይገባም ይሉ ነበር። ሙሴ የማይሞን ልጅ 613ቱን ትእዛዛት ሲቈጥር በዚያ መኖርን ለብቻው አልቈጠረውም። ሙሴ የናሕማን ልጅ ግን ለትውልድ ሁሉ የተሰጠ ትእዛዝ ነው ብሎ ጻፈ። ጽፎም አልቀረ፤ በ1267 ዓ.ም. ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ ከእስፓንያ ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ። ከተማይቱን ባድማ ሆና አገኛት፤ ከፈረሱት ቤቶችም አንዱን አሠርቶ የጸሎት ቤት አደረገው።

ትእዛዙ የሚፈትነው ግን ሊቃውንትን ብቻ አይደለም። በ1888 ዓ.ም. መጸው የሰባተኛው ዓመት በደረሰ ጊዜ ከሩስያ መጥተው በዚያ ማረስ የጀመሩ ድኾች አይሁድ ጭንቅ ያዛቸው። ምድሪቱ ብታርፍ ልጆቻቸው ምን ይበላሉ? የኮቭኖ ታላቅ ረቢ ይስሐቅ አልሐናን ስፔክተር እርሻው አይሁዳዊ ላልሆነ ሰው ለጊዜው በውል እንዲሸጥና ሥራው እንዳይቋረጥ ፈቀዱ። ከኢየሩሳሌም ረቢዎች ብዙዎቹ ይህን ተቃወሙ። የዔቅሮን መንደር ገበሬዎች የባሮን ሮትሽልድ ሹማምንት ቢቈጧቸውም ማረሻ አናነሣም ብለው ጸኑ። በሁለቱም ወገን እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ የተራበ ልጅ ያለው ሰውም በቀላሉ አይፈረድበትም። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም፤ ከ2021 እስከ 2022 ዓ.ም. በዋለው የሰባተኛ ዓመትም ተነሥቷል።

እርሻ ለሌላቸውና በሩቅ አገር ለሚኖሩት ደግሞ የቀረላቸው ጸሎት ነበረ። አይሁድ በየአገሩ ሲጸልዩ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም ያዞራሉ። በኢትዮጵያም ቤተ እስራኤል እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከማስተስረያ በዓል በኋላ በኀምሳኛው ቀን ስግድ የሚባለውን በዓል ለማክበር ጾመው፥ አንዳንዶቹም ድንጋይ ተሸክመው ወደ ተራራ ይወጣሉ። ቄሶቻቸው ኦሪትን በግዕዝ ያነብባሉ፤ ሕዝቡም ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ይለምናል። በ1984 ዓ.ም. ብዙዎች ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ፤ በመንገድና በሰፈሩበት ስፍራ 4 ሺሕ ያህል ሰዎች በረኃብና በበሽታ እንደ ሞቱ ይገመታል። ከእነርሱ ብዙዎች ከተማይቱን በጸሎት እንጂ በዐይናቸው አላዩአትም።

የደረሱት ግን ስግድን አልተዉም። በ2008 ዓ.ም. የእስራኤል ምክር ቤት በዓሉ በአገሪቱ ሁሉ እንዲከበር በሕግ ደነገገ። ዛሬ በየዓመቱ ቄሶቹ ባለ ብዙ ቀለም ጥላቸውን ዘርግተው የቤተ መቅደሱ ስፍራ ከሚታይበት ከኢየሩሳሌም ኮረብታ ላይ ይቆማሉ። ሽማግሌዎቹ በአምቦበር ተራራ ያደርጉት እንደ ነበረ ይሰግዳሉ፤ በዚያች ምድር የተወለዱት የልጅ ልጆቻቸውም ግዕዙን ሳይሰሙት አጠገባቸው ይቆማሉ።