ከአጋሮ ቡዳፔስት፦ ብቻዬን መኖር ከበደኝ

ጥያቄ፦ የአጋሮ ልጅ ነኝ። የሃንጋሪ መንግሥት በሚሰጠው የስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም ነጻ የትምህርት ዕድል ቡዳፔስት ከመጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ቤት ሳለሁ ሁሉንም የምታደርግልኝ እናቴ ነበረች። አሁን ገንዘቤ ወር ሳይሞላ ያልቃል፤ ማታ ማታ ሆድ ይብሰኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ይህ ድክመት አይደለም። ጎረቤት ለቡና በሚጠራራበት ከተማ ላደገ ሰው፣ ጭር ባለ ክፍል ሁሉንም ለብቻ መወሰን ይከብዳል። በቡዳፔስት ክረምት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ መጨለሙም ስሜትን ይጫናል። ወርኃዊ አበሉም መደጎሚያ እንጂ ሙሉ ወጪ የሚሸፍን አይደለም።

ገንዘቡ እንደገባ የኪራይና የትራንስፖርቱን ይለዩ፤ ቀሪውን ለአራት ሳምንት ያከፋፍሉት። ቅዳሜ ምስር ወጥ በርከት አድርገው ሠርተው፣ በየዕለቱ ድርሻ ከፋፍለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ። ወደ ቤት የሚደውሉበትን ቀን ይወስኑ። ቡና ሲላክልዎ ተቆልቶ ይሁን፤ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ሲቆላ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ሊያስጮኽ ይችላል። አፍልተውም የክፍል ጓደኞችዎን ይጋብዙ።

ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ ከከለከለዎት፣ የዩኒቨርሲቲዎን የሥነ ልቦና አማካሪ ያነጋግሩ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብዎት ግን ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ቁጥር 112 ይደውሉ። እርዳታ መጠየቅም ራስን የመቻል አንዱ አካል ነው።