አይጥ ናት ወይስ አይጠ መጎጥ?

ልጆች፣ የዛሬው ትምህርታችን ሳይጠሩ ቤት ስለሚገቡ ሁለት እንግዶች ነው። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በደፈናው «አይጥ» እንላቸዋለን። ትልቁን ለይተን መጥራት ስንፈልግ ግን «አይጠ መጎጥ» የሚል ስም አለው። በሆላንድኛ ትንሿ «ሞይስ»፣ ትልቁ «ራት» ይባላሉ። (ወላጆች፣ ልጃችሁ ከኩሽና እየሮጠ መጥቶ «ራት! ራት!» ቢል ርቦት ላይሆን ይችላል።)

መለየቱ ምን ይጠቅማል? ብዙዎቻችሁ ለእማዬና ለአባዬ ስልክ ላይ ታስተረጉማላችሁ። እማዬ «ቤታችን አይጥ ገብቷል በይልኝ» ስትል «ሞይስ» ካላችሁ፣ የሚመጣው መልስ «ወጥመድ ግዙ፣ ፍርፋሪ ጥረጉ» ነው። እማዬ ያየችው አይጠ መጎጥ ከሆነስ? አይጠ መጎጥ ቤት ውስጥ ሲታይ ብዙ ጊዜ ከወለሉ በታች ያለው የፍሳሽ ቧንቧ የሆነ ቦታ ተሰብሯል ማለት ነው። ቧንቧው ካልተጠገነ ወጥመድ ብቻውን አያዋጣም፤ አንዱ ሲያዝ ሌላው ይመጣል።

እሺ፣ እንዴት እንለያቸው? የቤት አይጥ 20 ግራም ያህል ትመዝናለች። ሦስት ባለ አንድ ዩሮ ሳንቲሞች መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡ፤ በቃ ያን ያህል ናት። እዚህ አገር በብዛት ያለው ቡናማው አይጠ መጎጥ ግን ካደገ በኋላ ከ200 እስከ 500 ግራም ይደርሳል። የሚያሳስተው ግልገሉ ነው፤ በመጠን አይጥን ያክላል። ያኔ ጆሮና እግር እዩ። አይጥ ጆሮዋ ለጭንቅላቷ ትልቅ ነው፤ እግሯና ጅራቷ ቀጫጭን ናቸው። የአይጠ መጎጥ ግልገል ጭንቅላቱና የኋላ እግሮቹ ለሰውነቱ ይተልቃሉ፣ ጅራቱም ወፍራም ነው።

ግን እኮ ሁለቱም ሌሊት ስለሚወጡ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው እነሱን ሳይሆን ኩሳቸውን ነው (ካካቸውን ማለቴ ነው)። የአይጥ ኩስ የሩዝ ፍሬ ያህል ሆኖ ጫፉ ሹል ነው። የአይጠ መጎጥ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በእጃችሁ እንዳትነኩት! የአይጠ መጎጥ ሽንት «የቫይል በሽታ» የሚባለውን ሊያስተላልፍ ይችላል። ሌላው ዘዴ ማታ ወለሉ ላይ ስስ ዱቄት መነስነስ ነው። ጠዋት የኋላ እግሩ ዱካ ከአንድ ዩሮ ሳንቲም ካነሰ አይጥ ናት፤ ከበለጠ አይጠ መጎጥ ነው።

ጠባያቸውም ይለያያል። «አይጥ ሞቷን ስትሻ የድመት አፍንጫ ታሸታለች» ይባል የለ? ይህ ተረት ለትንሿ አይጥ ልክ ነው፤ አዲስ ነገር ሁሉ ካላሸተተች አይሆንላትም፣ ወጥመድም ቶሎ ትገባለች። አይጠ መጎጥ ግን ፈሪ ነው፤ አዲስ ዕቃ ካየ ለቀናት ሊርቀው ይችላል። በአምስተርዳም አሮጌ ቤቶች የእንጨት ወለል ሥር አይጥ ይመቻታል፤ እርሳስ በሚያሾልክ ቀዳዳ ትገባለች፣ ውኃም ብዙ አትፈልግም። አይጠ መጎጥ ውኃ ይወዳል፤ ዋናተኛ ነው። ስለዚህ በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዴንሃግ ቦይና ፍሳሽ አካባቢ ይኖራል። እኛም እንጀራ መጣል ነውር ነው ብለን የተረፈውን በረንዳ ላይ ለወፍ እንበትናለን። ወፏ ከበላች ጥሩ፤ ማታ የሚመጣው ግን ሌላ ነው።

ለወላጆች፦ ቤቱ የኪራይ ከሆነ መጀመሪያ ለአከራዩ ድርጅት ይደውሉ። አይጠ መጎጥ መንገድ ላይ ካዩ ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ይንገሩ፤ የአምስተርዳም 14020፣ የሮተርዳም 14010፣ የዴንሃግ 14070 ነው። አይጠ መጎጥን በመርዝ ማጥፋት ከ2023 ጀምሮ ለሠለጠነ ባለሙያ ብቻ የተፈቀደ ስለሆነ ከዘመድም ቢመጣ አይጠቀሙበት። ወለል ላይ የሚድህ ሕፃን ያለበት ቤትማ ጭራሽ!

መልመጃ፦ ሐና ኩሽና ውስጥ 15 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩስ አገኘች፤ ከመታጠቢያ ቤቱም መጥፎ የፍሳሽ ሽታ ይመጣል። እንግዳው ማን ነው? ሐና ስልክ ላይ ምን ትበል? ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ሦስት በሆላንድኛ ጽፋችሁ ቅዳሜ ይዛችሁ ኑ።