ደብተሩና ስልኩ
የጥናት ትምህርት ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች



በዚህ ትምህርት ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ፣ ስለ እጅ ስልክ፣ አብረን እናጠናለን። አስቀድመን ግን እውነቱን እንናገር፤ እኛ ራሳችን መሣሪያውን የተቀበልነው ወደን አልነበረም። በደሴ ዙሪያና በኮምቦልቻ አካባቢ ገጠሮች የእርዳታ ተቀባዮችን ስም ለዓመታት የመዘገብነው በደብተር ነው። መስመሩን በማስመሪያ አስምረን፣ ስሙን በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈን፣ የአውራ ጣት አሻራ በጎኑ አስቀምጠን ደብተሩን ስንቆልፍ፣ ሥራው በእጃችን እንዳለ ይሰማን ነበር። ከዚህም የተነሣ «ከእንግዲህ በስልክ መዝግቡ» የሚል ደብዳቤ በደረሰን ጊዜ፣ ይህ የከተማ ልጆች ጨዋታ ነው ብለን ደብዳቤውን ከፋይል ውስጥ አኖርነው።

ደብተርም ይጠፋል

በጥቅምት 2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ብዙ ሰው እንደ ሸሸ እኛም ቤተ ሰባችንን ይዘን ወጣን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ ከተመለሱ በኋላ ስንገባ፣ ቆልፈነው የሄድነው ቁም ሣጥን ተከፍቶ አገኘነው። ደብተሮቹ አልነበሩም።

ዘር የወሰደውና ያልወሰደው ማን እንደ ሆነ የምናውቅበት ነገር አልቀረንም። በየመንደሩ ተቀምጠን ከትዝታ መጻፍ ጀመርን። አንዳንዱ ሁለት ጊዜ ተጻፈ፤ አንዳንዱ ተረሳ። የተረሱትም ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች ነበሩ፤ ባሏ የሞተባት፣ ዓይኑ የደከመ፣ ከቤቱ የማይወጣ። ያን ጊዜ ነው ያንን ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥተን እንደገና ያነበብነው።

ከታናሽ መማር

ያስተማረችን በመዘምራን ውስጥ የምታገለግል ወጣት ናት። እኛ ስልኩን እንደ እንቁላል በሁለት እጅ ይዘን ስንፈራ፣ «ጋሼ፣ አይሰበርም፤ ይንኩት እንጂ» ትለን ነበር። በዕድሜ ከምታንስ ልጅ ፊት አለማወቅን መግለጥ ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ እንኳ ወደ ሮሜ ሰዎች የላከውን መልእክት በጤርጥዮስ እጅ እንዳጻፈ እናነባለን (ሮሜ 16፥22)። በሌላው ሰው እጅ መጠቀም የጳውሎስን ክብር አልቀነሰም።

የተማርንበት መሣሪያ ኮቦ ይባላል። ብዙ የእርዳታ ድርጅቶች የሚጠቀሙበት የመመዝገቢያ ቅጽ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኔትወርክ ባለበት ቦታ ባዶውን ቅጽ ወደ ስልኩ እናወርዳለን፤ ወደ ገጠር ሄደን ያለ ኔትወርክ እንሞላዋለን፤ የተሞላው ቅጽ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ኔትወርክ ስናገኝ እንልከዋለን። ከዚያ በኋላ ስልኩ ቢጠፋ እንኳ የተላከው መዝገብ አይጠፋም።

ሆኖም በመጀመሪያው ወር ሁለት ስሕተት ሠራን። ለሌሎች ይጠቅማልና እንናገረው።

አንደኛ፣ የፊደል ነገር ነው። ያው አንድ ሰው በአንዱ ቅጽ «ሐሰን»፣ በሌላው «ሀሰን» ተብሎ ተጻፈ። እኛ ስናነበው አንድ ስም ነው። መሣሪያው ግን ሁለት ሰው አድርጎ ቆጠረው። ምክንያቱም የኮምፒዩተር ፊደላት የዓለም መለያ በሆነው በዩኒኮድ ውስጥ የእኛ ፊደል ከገባበት ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው፤ የሐመሩ «ሐ» እና የሃሌታው «ሀ» በድምፅ አንድ ቢሆኑም ቁጥራቸው የተለያየ ነው። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ፀ» እና «ጸ» እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ መዝጋቢዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ እንዲይዙ አስቀድመው ይስማሙ።

ሁለተኛ፣ የዘመን ነገር ነው። ስልኩ የሚቆጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1956 ዓ.ም የተወለደን ሰው እንዲሁ 1956 ብለን ስንጽፍ፣ በመዝገቡ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አስረጀነው። እርዳታው ለአረጋውያን በሚሆንበት ጊዜ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም፤ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል።

ስለ ገንዘብ

ቀድሞ ለተቸገሩ የሚከፈለውን ገንዘብ በቦርሳ ይዘን የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ልባችን አያርፍም ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በስልክ መላክ ተችሏል። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ስልክ ያለውም ሰው *127# ብሎ ሊጠቀምበት ይችላል። ጳውሎስ የምእመናን ስጦታ በእግዚአብሔርም በሰውም ፊት ያለ ነቀፋ እንዲደርስ ምን ያህል እንደ ተጠነቀቀ በ2 ቆሮንቶስ 8፥20-21 ተመልከቱ። የተላከው ገንዘብ መልእክቱ በስልክ ላይ መቅረቱ ለዚህ ጥንቃቄ ይረዳል።

ነገር ግን አጭበርባሪም ስልክ ይደውላል። «ከመሥሪያ ቤቱ ነን፤ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል ሁሉ ሌባ ነው። የምሥጢር ቁጥር ለልጅም ለጎረቤትም ለፕሮጀክት ሠራተኛም አይነገርም። ስልክ የሌላቸውን ደግሞ አንርሳ፤ ለእነርሱ የእጅ ክፍያው ይቀጥል።

ስለ ፎቶግራፍ

ወሎ ምስል ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያውቃል። በጥቅምት 1966 ዓ.ም ጆናታን ዲምብልቢ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ያሳየው ፊልም የወሎን ረሀብ ለዓለም ገለጠ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም ደግሞ ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን፣ ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ከነበረችው ከቆረም ያቀረቡት ዘገባ ብዙ እርዳታ አስነሣ። ምስሉ ሕይወት አትርፏል። ይሁን እንጂ ፊታቸው በዓለም ሁሉ ከታየው ሰዎች የብዙዎቹን ስም የጠየቀ አልነበረም።

ዛሬ ካሜራው በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ አለ። በቴሌግራም የላክነው ፎቶግራፍ ተመልሶ አይሰበሰብም። ስለዚህ አስቀድመን ሰውየውን እንጠይቅ፤ ወዴት እንደሚላክም እንንገረው፤ እንቢ ካለ እርዳታው አይቅርበት። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የሕግም ግዴታ ሆኗል።

ኔትወርክ ሲጠፋ

በነሐሴ 2015 ዓ.ም በክልላችን ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም ተቋርጦ ቆየ። ቅጾቹን በስልክ ውስጥ አስቀምጠን፣ ከመካከላችን አንዱ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከዚያ ላካቸው። በዚያው ሰሞን ከጦርነቱ በኋላ በትዝታ ስንጽፍ ከተረሱት አንዲት እናት ዘንድ ለምዝገባ ሄድን። ስልኩን ሲያዩ እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ደብተሩ ሲጠፋ ስሜ ጠፋ። አሁን ደግሞ ከዚህ መስተዋት ውስጥ ከተታችሁኝ። ይህስ ሲጠፋ እኔ ወዴት ልግባ?»

ለጥያቄያቸው የሚሆን መልስ በእጃችን አልነበረም። ወደ ቢሮ ተመልሰን ተመካከርን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስም በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ በስልኩ፣ ታትሞ በሚቆለፍ ወረቀት ላይ፣ ደግሞም በሕዝቡ ጆሮ። ከእደላ በፊት ስሙ ብቻ በመንደሩ ፊት ይነበባል፤ «እገሌስ የት አለ?» የሚል ጎረቤት እንዲናገር ጊዜ ይሰጠዋል። ስልኩ ያልያዘውን፣ ወረቀቱም የዘለለውን ሰው ብዙ ጊዜ ያስታወሰን ጎረቤት ነው። ለእኒያም እናት ይህንኑ ሄደን ነገርናቸው፤ ስማቸውንም በፊታቸው አነበብንላቸው።

ዮሐንስ በሁለተኛ መልእክቱ መጨረሻ (ቁጥር 12) የሚጽፈው ብዙ ሳለ በወረቀትና በቀለም ከመጨረስ ይልቅ ሄዶ ፊት ለፊት መነጋገርን እንደ መረጠ ይነግረናል። ወረቀቱን አልናቀም፤ ጽፎበታልና። ወረቀቱ ግን ጉዞውን አላስቀረውም። እኛም ስልኩን ስለ ፈራነው አንጣለው፤ ስላቀለለልንም ወደ ሰው ቤት መሄዱን አንተው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ከእኛ በዕድሜ ከሚያንሱ ሰዎች ለመማር የሚከለክለን ምንድን ነው? ሮሜ 16፥22ን አንብባችሁ ተወያዩ።

2. በማኅበራችሁ ያለው የተቸገሩ ሰዎች መዝገብ ዛሬ ቢጠፋ በምን ትተኩታላችሁ?

3. በመንደራችሁ ስልክ የሌላቸው እነማን ናቸው? በስማቸው ጥቀሷቸው፤ በዚህ ሳምንት ማን እንደሚጠይቃቸውም ወስኑ።