መልስ ስላልመጣለት የክፍያ ጥያቄ፤ የሬስት አገልግሎትን ከሰርቨር ስለ መጥራት

በኢንተርኔት የሚሸጥ የንግድ ቤት ዛሬ ሥራውን ብቻውን አይፈጽምም። ደንበኛው የመረጠውን ዕቃ የሚመዘግበው የነጋዴው የድረ ገጽ ፕሮግራም ሲሆን፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ድርጅት ነው። በኢትዮጵያም ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈል እየተለመደ ስለ ሄደ፣ የአንዱ ድርጅት ኮምፒዩተር ከሌላው ጋር የሚነጋገርበትን ሥርዓት ማወቅ ለፕሮግራም ሠሪው ብቻ ሳይሆን ለሥራ አስኪያጁና ለሒሳብ ሹሙም የሚጠቅም ሁኗል።

ከነዚህ ሥርዓቶች በብዛት የሚሠራበት ሬስት የሚባለው ነው። ስሙን ሰጥቶ ደንቦቹን የዘረዘረው ሮይ ፊልዲንግ ሲሆን፣ ይህንንም ያደረገው በ2000 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኧርቫይን ለዶክትሬት ማዕርግ ባቀረበው ጽሑፍ ነው። አሳቡ ባጭሩ የሚከተለው ነው። ትእዛዙም፣ ደረሰኙም፣ ደንበኛውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አድራሻ ይኖራቸዋል፤ ጠያቂውም ድረ ገጾች በሚተላለፉበት በኤችቲቲፒ ደንብ ወደዚያ አድራሻ ጥያቄውን ይልካል። ጌት የተባለው ጥያቄ ለማንበብ፣ ፖስት አዲስ ነገር ለማስመዝገብ፣ ፑት ያለውን በሌላ ለመተካት፣ ዲሊት ለመሰረዝ ያገለግላል። መልሱ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ በ2 የሚጀምረው ጥያቄው ተቀባይነት ማግኘቱን፣ በ4 የሚጀምረው ስሕተቱ ከጠያቂው መሆኑን፣ በ5 የሚጀምረው ደግሞ ችግሩ በመላሹ በኩል መሆኑን ያመለክታል።

ጥያቄው ከደንበኛው ብራውዘር ሳይሆን ከነጋዴው ሰርቨር እንዲላክ የሚደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። የክፍያው ድርጅት ለነጋዴው የሚሰጠው የምስጢር ቁልፍ እንደ ማኅተም የሚቆጠር ነው፤ ወደ ብራውዘር የተላከ ነገር ሁሉ ግን በተጠቃሚው እጅ የገባ ስለ ሆነ ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ በሰርቨሩ ላይ ብቻ ይቀመጣል፤ እዚያም ቢሆን በፕሮግራሙ ጽሑፍ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በተጠበቀ ስፍራ መኖር ይገባዋል። የሚከፈለውም ዋጋ በሰርቨሩ ከተመዘገበው እንጂ ከብራውዘሩ ከመጣው ቁጥር አይወሰድም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር መልስ ሳይመጣ ሲቀር የሚሆነው ነው። አንድ ነጋዴ «ከሒሳቤ 4,500 ብር ክፈሉልኝ» የሚል ደብዳቤ አስይዞ ተላላኪውን ወደ ባንክ ቢልከውና ተላላኪው እስከ ማታ ባይመለስ፣ ከሁለት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። ወይ ደብዳቤው ባንክ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ወይም ገንዘቡ ተከፍሎ ተላላኪው በመመለሻው መንገድ ላይ ቀርቷል። ነጋዴው ከመደብሩ ተቀምጦ ሁለቱን ለመለየት አይችልም። በሁለት ሰርቨሮች መካከል መስመሩ ሲቋረጥም ነገሩ ልክ እንደዚሁ ነው።

ፕሮግራሙ ዝምታውን እንደ እምቢታ ቆጥሮ ጥያቄውን እንደ አዲስ ቢልከው፣ ደንበኛው በ4,500 ብር ፈንታ 9,000 ብር ይከፍላል። ትእዛዙን ቢሰርዘው ደግሞ ገንዘቡ ተወስዶ ዕቃው ሳይሰጥ ሊቀር ነው። በሁለቱም በኩል የንግድ ቤቱ መልካም ስም ይጐዳል። እንግዲህ መልስ አለመምጣቱ «አልተከፈለም» ማለት ሳይሆን «ገና አልታወቀም» ማለት መሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። ለዚህም የሚከተሉት አምስት ደንቦች ይጠቅማሉ።

1ኛ. መመዝገብ ከመላክ ይቅደም። ሰርቨሩ ጥያቄውን ከመላኩ በፊት ትእዛዙን፣ ዋጋውንና «በመጠባበቅ ላይ» የሚለውን ሁኔታ በመዝገቡ ያስፍር። ሰርቨሩ በመካከሉ ቢጠፋ እንኳ ሲመለስ የት እንደ ቆመ ያውቃል።

2ኛ. የመጠበቂያ ጊዜ ይወሰን። በፓይተን የሚሠራበት ሪኩዌስትስ የተባለው መሣሪያ የጊዜ ገደብ ካልተሰጠው መልስ እስኪመጣ ያለ ገደብ ይጠብቃል፤ የዶትኔቱ ኤችቲቲፒ ክላየንት ግን በራሱ 100 ሰከንድ ይጠብቃል። ለሚከፍል ደንበኛ ሁለቱም ረጅም ናቸው። ብዙ ጥያቄዎች ባንድ ጊዜ ቆመው ሲጠብቁም የድረ ገጹ ሥራ በሙሉ ሊቆም ይችላል።

3ኛ. ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጥ። በ2022 እ.ኤ.አ. በታተመው የኤችቲቲፒ ደንብ መሠረት ጌት፣ ፑትና ዲሊት ቢደገሙ የታሰበው ውጤት አንድ ጊዜ እንደ ተላኩ ያህል ነው፤ ፖስት ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም። ስለዚህ ብዙ የክፍያ ድርጅቶች ከፖስቱ ጋር ልዩ መለያ ይቀበላሉ። ያው መለያ ለሁለተኛ ጊዜ ቢመጣ ሁለተኛ ክፍያ ሳይፈጽሙ የፊተኛውን መልስ ይመልሳሉ። ስትራይፕ የተባለው ድርጅት ይህን መለያ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ያቆየዋል። መለያው መፈጠር ያለበት ከመጀመሪያው መላክ በፊት ሲሆን፣ በድጋሚ ሲላክ ፈጽሞ መለወጥ የለበትም። በየሙከራው አዲስ መለያ የሚፈጥር ፕሮግራም መለያ እንደሌለው ይቆጠራል።

4ኛ. ድጋሚው በልክ ይሁን። 400 ወይም 401 ቢመጣ ስሕተቱ በጥያቄው ወይም በቁልፉ ስለ ሆነ ሳያርሙ መድገም ከንቱ ነው። ጥያቄ መብዛቱን በሚናገረው 429፣ አገልግሎቱ ለጊዜው አለመኖሩን በሚናገረው 503፣ እንዲሁም መልስ በጠፋ ጊዜ መድገም ይቻላል። ይኸውም 1፣ 2፣ 4፣ 8 ሰከንድ እያሉ ጊዜውን በማስረዘምና ቁጥሩን በመወሰን ነው። መላሹ ራሱ የመጠበቂያ ጊዜ ካመለከተም እርሱ ይከበራል።

5ኛ. ተጠይቆ ይረጋገጥ። ድጋሚው ሁሉ ካልሠራ ሰርቨሩ በጌት የክፍያውን ሁኔታ ይጠይቅ። ማታ ማታም የሒሳብ ክፍሉ የራሱን መዝገብ ከክፍያው ድርጅት ዝርዝር ጋር ያመሳክር። እስከዚያው ለደንበኛው የሚታየው ጽሑፍ «ክፍያው አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» ሳይሆን «ክፍያው በመጣራት ላይ ነው፤ እባክዎ እንደገና አይክፈሉ» የሚል መሆን አለበት።

የኮምፒዩተር ዕውቀት የሌለው ሥራ አስኪያጅም ቢሆን ይህ ሁሉ መሠራቱን ለመመርመር ይችላል። ድረ ገጹ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ የክፍያው ድርጅት ለሙከራ ባዘጋጀው ስፍራ አንድ ክፍያ እንዲላክና መልሱ ከመድረሱ በፊት መስመሩ ሆን ተብሎ እንዲቋረጥ ያዝዝ። መስመሩ ከተመለሰ በኋላ ሁለቱ መዝገቦች ጐን ለጐን ይታዩ። በሁለቱም ላይ አንድ ትእዛዝና አንድ ክፍያ ብቻ ከተገኘ ፕሮግራሙ ለሥራ ደርሷል፤ ሁለት ክፍያ ከተገኘ ግን ስሕተቱ የደንበኛ ገንዘብ ሳይነካ በሙከራ ላይ ታውቋልና፣ የመክፈቻው ቀን ቢዘገይ ይሻላል።