ወገብ ሲያም ራጅ መነሣት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በቱሉ ዲምቱ የሚኖር አንድ የቀን ሠራተኛ ብሎኬት ሲሸከም ወገቡን ያዘው እንበል። ጎረቤቶቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ «ሂድና ኤም አር አይ ተነሣ» አሉት። ምክራቸው ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ያስፈልገዋልን?

ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለው ሕመም በአብዛኛው በ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይቀላል። ራጅ አጥንትን እንጂ ነርቭንና ዲስክን አያሳይም። ኤም አር አይ ያሳያል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 96 በመቶ የሚሆኑት ያረጀ ዲስክ ታይቶባቸዋል። ይህ እንደ ሽበት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ነው። ስለዚህ በምስሉ የታየ ሁሉ የሕመም ምክንያት አይደለም።

ሳይዘገይ መመርመር ያለበት ማን ነው?

1. ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ያቃተው፣ ሽንት አልወጣ ያለው፣ በጭኖቹ መካከል የደነዘዘው ወይም እግሩ እየዛለ የሄደ ሰው፤ ይህ ሰው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። በአቃቂ ቃሊቲ የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ።

2. ከፍ ካለ ቦታ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው፤ አረጋዊ ከሆነ ቀላል አወዳደቅም አጥንት ሊሰብር ይችላል።

3. ቀድሞ ካንሰር የነበረበት።

4. ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም በአከርካሪው ላይ ጉብጠት የታየበት።

አራተኛውን በተለይ እናስተውል። በአገራችን ቲቢ ብዙ ነው፤ ሳንባን ብቻ ሳይሆን አከርካሪንም ይይዛል። በሽተኛው ላያስል ይችላል፤ ሕመሙም ቀስ በቀስ እየበረታ ይሄዳል። በመጀመሪያ ራጁ ደህና ሊመስል ስለሚችል፣ ሐኪሙ ኤም አር አይ ቢያዝ ገንዘቡ መዋጣት ያለበት ያን ጊዜ ነው። ሕክምናው ከዘገየ እግር ሽባ ሊሆን ይችላል። በጊዜ ከተገኘ ግን በመድኃኒት ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች በነጻ ይሰጣል።

ታዲያ ያን ሠራተኛ ምን እንምከረው? ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለበት ከባድ ሸክም ለጊዜው ይተው፤ ነገር ግን አልጋ ላይ አይዋል፤ አቅሙ በፈቀደ መጠን ይንቀሳቀስ። ከ6 ሳምንት በኋላ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ራጅ ወይም ኤም አር አይ እንዲነሣ የሚወስነው የመረመረው ሐኪም ነው።

ለውይይት፦ በአካባቢያችን ወገቡን ለረጅም ጊዜ ያመመው ሰው አለን? ከአራቱ ምልክቶች የትኛውን እንጠይቀው?