«ከየት አገኘኸው?»፦ አንብቦ መረዳትን በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ማለማመድ

በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል የአማርኛ ምንባብ በአብዛኛው የሚያልቀው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። መምህሩ ርእሱን ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ሁለት ሦስት ጎበዝ ተማሪዎች እየተነሡ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ከምንባቡ ሥር ያሉት ጥያቄዎች ይሠራሉ፤ በመጨረሻም «አዳዲስ ቃላት» ከነፍቻቸው ደብተር ላይ ይገለበጣሉ። አርባው ደቂቃ አለቀ። በዚህ ሁሉ መሐል ልጁ መረዳት አለመረዳቱ ተፈትኗል፤ እንዴት እንደሚረዳ ግን ማንም አላሳየውም። የተረዳው ማርኩን ያገኛል፤ ያልተረዳው መልሱን ከጎኑ ካለው ልጅ ገልብጦ ወደሚቀጥለው ምንባብ ያልፋል። ለሥራ ባልደረቦቼ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር ከፈተናው ጊዜ ቀንሰው ለልምምዱ እንዲሰጡ ነው።

እነዚህ ሁለት ክፍሎች የሚታለፉ አይደሉም። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው ሥርዓተ ትምህርት ራሳቸውን ችለው «መካከለኛ ደረጃ» ተብለዋል። የኅብረተሰብና የሳይንስ መጻሕፍት የሚወፍሩት እዚህ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ቦታዎች ደግሞ አብዛኛው ትምህርት ወደ እንግሊዝኛ የሚዞረው ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ነው። ማብቂያው ላይ ወላጆች ዛሬም «ሚኒስትሪ» የሚሉት የስምንተኛ ክፍል ፈተና አለ። ከታች የሚመጡልን ልጆች ደግሞ ሁሉም ንባብ ጨርሰው አይመጡም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ያም ሆኖ ከፊል ንባብ ይዞ ሰባተኛ ክፍል የሚደርስ ልጅ በየክፍሉ እንዳለ የሚያስተምር ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መለየት ነው። ፊሊፕ ጎፍ እና ዊልያም ተንመር በ1986 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጡት፣ አንብቦ መረዳት ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ጽሑፉን ወደ ቃል የመለወጥ ችሎታንና የቋንቋውን ትርጉም የመረዳት ችሎታን። አንዱ ባዶ ከሆነ ሌላው ብቻውን አያደርስም። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብና እንደ ውኃ እያወረደ አንብቦ ምን እንዳነበበ የማይናገር ልጅ ሁለቱም «ደካማ» ይባሉ እንጂ መድኃኒታቸው ለየብቻ ነው። ለመለየት የተለየ ፈተና አያስፈልግም። ክፍሉ የጽሑፍ ሥራ ሲሠራ አንድ አንድ ልጅ ወደ ጠረጴዛዎ ይጥሩና ለአንድ ደቂቃ ያስነብቡት፤ ቀጥሎ «ምን አለ?» ብለው ይጠይቁት። በቀን ሦስት አራት ልጅ ከደረሰዎት ትልቁም ክፍል ከወር ባልበለጠ ጊዜ ይዳረሳል።

ሲያስነብቡ ማጥበቅና ማላላቱን ልብ ብለው ያዳምጡ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም፤ የሚለየው አንባቢው ነው፣ ያውም ከሐሳቡ ተነሥቶ። «ገና ገና አልደረሰም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በትክክል ለማንበብ የመጀመሪያው በዓሉ፣ ሁለተኛው «እስካሁን» ማለት መሆኑን ቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። «ዋናው ምክንያት» ሲል አላልቶ፣ የውኃውን ዋና ደግሞ አጥብቆ የሚያነብ ልጅ ፊደሉን አልሳተም፤ ሐሳቡን ግን አልተከተለም። ይህ ምልክት በነፃ የሚገኝ ነው፤ ብዙዎቻችን ግን የአነባበብ ስሕተት ብለን አርመን እናልፈዋለን።

ፊደል ለሚቆጥረው ልጅ የሚሻለው አጭር አንቀጽ ደጋግሞ ማንበብ ነው። ጄይ ሳሙኤልስ በ1979 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ተደጋጋሚ ንባብ ወጪ የለውም፦ አምስት ስድስት መስመር፣ ሦስት አራት ጊዜ፣ ከጓደኛ ጋር፣ ዛሬም ነገም። ክፍሉ ፊት አቁሞ ማስነበቡን ግን ይተዉት። የሚንተባተብ ልጅ በሰው ፊት አይማርም፤ ያፍራል እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ልምምድ እንምጣ። እነዚህን አራት ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳ ላይ ጻፉ እንበል፦ «እንቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ መጤ አረም ነው። የሐይቁን ገጽ ስለሚሸፍን የፀሐይ ብርሃን ወደ ውኃው እንዳይገባ ያደርጋል። በዚህም የተነሣ በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። ይህ ሁኔታ የጣና ዳር ዓሣ አስጋሪዎችን ኑሮ አናግቷል።» የተለመደው ጥያቄ «እንቦጭ ከየት መጣ?» የሚል ነው። መልሱ ከዓረፍተ ነገሩ ተነቅሎ ይወጣል፤ ምኑንም ያልተረዳ ልጅ «ከደቡብ አሜሪካ» ብሎ ሙሉ ማርክ ይወስዳል። እንዲህ ቢጠይቁስ? «እንቦጭ ዓሣ አይበላም፤ ታዲያ አስጋሪው ለምን ተጎዳ?» ምንባቡ ዓሣ ቀነሰም ሞተም አላለም። ልጁ የኦክስጅኑን መቀነስ፣ የዓሣውን መተንፈስና የአስጋሪውን ገቢ ራሱ ማገናኘት አለበት። መረዳት የሚባለው ይህ ማገናኘት ነው፤ ልጆቻችን ያልተለማመዱትም ይህንኑ ነው።

ማገናኘቱን መጀመሪያ እርስዎ ጮክ ብለው ያሳዩ። ጠመኔውን ይዘው፣ እንደ አንባቢ እያሰቡ፦ «‹ይህ ሁኔታ› ይላል። የቱ ሁኔታ? ወደ ላይ ልመለስ… ኦክስጅን መቀነሱ። ኦክስጅን ሲቀንስ ውኃ ውስጥ ማን ይቸገራል? ዓሣ። ዓሣ ከሌለ አስጋሪው ምን ይሸጣል? እዚህ ላይ ‹ዓሣ ቀነሰ› የሚል ቃል የለም፤ ያገናኘሁት እኔ ነኝ።» ከዚያ ለሚቀጥለው አንቀጽ ጠመኔውን ለልጆቹ ይስጡ። «ይህ»፣ «እነዚህ»፣ «በዚህም የተነሣ»፣ «ይሁን እንጂ» ከሚሉት ቃላት እየተነሡ ወደሚያመለክቱት ነገር ቀስት እንዲሥሉ ያድርጉ። ከባድ ቃል ከሚያሰናክለው ይልቅ እነዚህ ትንንሽ ቃላት የሚያሰናክሉት ልጅ ይበዛል፤ በፍቺ ዝርዝር ውስጥ ግን አንድም ቀን አይገቡም።

ልጁ ሲመልስ የሚከተለው የእርስዎ ጥያቄ «ከየት አገኘኸው?» ይሁን። መልሱ ትክክል ሲሆንም ጭምር ይጠይቁት፤ ለስሕተት ብቻ ከጠየቁት ልጆቹ «ተሳስተሃል» ማለት መሆኑን በሁለት ቀን ይደርሱበታል። መጀመሪያ ላይ «ቲቸር፣ እንዲሁ መሰለኝ» ይላሉ። ታግሠው መስመሩን በጣታቸው እስኪያሳዩ ይጠብቁ። ሁለት ልጆች የተለያየ መልስ ይዘው ሁለቱም ማስረጃ ካሳዩ ደግሞ አይጣደፉ። የቤተ ክህነቱ የትርጓሜ ትምህርት ንባቡን ከትርጓሜው ለይቶ ያስተምራል፤ አንዱን ፍቺ ከሰጠ በኋላም «አንድም» ብሎ ሌላውን ከነምክንያቱ ያመጣል። ይህንን በሰባተኛ ክፍል ማድረግ ይቻላል። አንዱ ተማሪ መልሱን ከነማስረጃው ይናገራል፣ ሌላው «አንድም» ብሎ ይነሣል፣ ክፍሉ ከምንባቡ ጋር የሚስማማውን ይመረምራል። ልጆቹ ይወዱታል፤ የማይናገሩትም ይናገራሉ።

የቡድን ሥራን በተመለከተ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። አንድ ለአምስት ተብለው የተቀመጡ ልጆች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ይገለብጣሉ። አንማሪ ፓሊንክሳር እና አን ብራውን በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት ዘዴ ይህንን ይፈታል፤ የሞከሩትም በእኛው ዕድሜ ላይ፣ ማንበብ እየቻሉ መረዳት በሚከብዳቸው የሰባተኛ ክፍል ልጆች ነው። አንቀጽ በተነበበ ቁጥር አንዱ ልጅ የመምህሩን ቦታ ይይዛል፦ ስለ አንቀጹ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ያልገባውን ያጣራል፣ አሳጥሮ ይናገራል፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይገምታል። በሚቀጥለው አንቀጽ ተራው ለሌላው ነው። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ቢሆንም ይሠራል፤ እንዲያውም አንድ መጽሐፍ ላይ ሦስት ራስ ሲደፋ ንግግሩ ይደምቃል። መጠየቁን መጀመሪያ ላይ ስለማይችሉት ለሁለት ሦስት ሳምንት «ለምን» እና «እንዴት» በሚሉ ቃላት ብቻ እንዲጠይቁ ይወስኑላቸው።

ቃላትን በተመለከተ፣ ሃያ ቃል ከነፍቻው ማስገልበጥ ድካም ነው። አምስት ለሳምንት ይበቃል፤ ምርጫው ግን ይታሰብበት። ኢዛቤል ቤክና ባልደረቦቿ ቃላትን በሦስት ይከፍላሉ፦ ሁሉም የሚያውቃቸው፣ በየትምህርቱ የሚመላለሱ፣ የአንድ ሙያ ብቻ የሆኑ። ጊዜዎ የሚገባቸው መካከለኞቹ ናቸው። ከላይ ካለው ምንባብ «ሐይቅ» ይታወቃል፤ «ኦክስጅን» የሳይንስ መምህሩ ሥራ ነው፤ «ገጽ»፣ «መጤ» እና «አናጋ» ግን የእርስዎ ናቸው። «ገጽ»ን ልጁ ያውቀዋል፣ የመጽሐፍ ገጽ ብሎ። ስለዚህ አይጠይቅም፤ ሐይቅ እንዴት ገጽ እንደሚኖረው ግን አያውቅም። አውቀዋለሁ የሚለው ቃል ከማያውቀው ይበልጥ ያሳስተዋል።

«አናጋ»ን መዝገበ ቃላት ገልጦ «አነቃነቀ» ብሎ መጻፍ ጥቂት ይረዳል። የበለጠ የሚረዳው ቃሉን ማሠራት ነው። የቤት መሠረት ተናጋ፣ የሰፈር ሰላም ተናጋ፣ እምነቱ የማይናጋ ሰው። ከዚያ ይጠይቁ፦ «የአንድን ቤተሰብ ኑሮ ምን ምን ሊያናጋ ይችላል?» ልጁ በራሱ ዓረፍተ ነገር ሲመልስ ቃሉ የእሱ ሆነ። ቋንቋችን ደግሞ በዚህ በኩል ለጋስ ነው፤ አንድ ሥር የያዘ ልጅ ቤተሰቡን ሁሉ ይይዛል። አመረተ፣ ምርት፣ አምራች፣ ማምረቻ፣ ምርታማ፣ ምርታማነት፤ ከስድስቱ ግማሹን የኅብረተሰብ መጽሐፉ ውስጥ ነገ ያገኛቸዋል።

የተማረው ቃል ተመልሶ ካልመጣ ይረሳል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 እ.ኤ.አ. ካሳየው ጀምሮ ይህ አላከራከረም። ቃላቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ካርቶን ውስጥ ያኑሩ። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሦስቱን ያውጡ፤ አንዱ የዚህ ሳምንት፣ አንዱ ያለፈው፣ አንዱ የዛሬ ወር። ደብተር ሳይገለጥ ይጠይቁ፤ ፍቺ ሳይሆን ዓረፍተ ነገር ይቀበሉ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ዳራ ዕውቀትም ጥቂት ልበል። ዶና ሬክት እና ሎረን ሌስሊ በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ ለ64 አሜሪካውያን የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጡ። በንባብ ደካማ የተባሉት ግን ጨዋታውን የሚያውቁት፣ ጨዋታውን ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች በልጠው ተገኙ። የባሕር ዳርና የጅግጅጋ ልጅም የእንቦጩን ምንባብ እኩል አይጀምሩትም። ከማንበብ በፊት አምስት ደቂቃ ስለ ጉዳዩ ማውራት፣ ካለም ሥዕል ማሳየት ያስፈልጋል። ምንባቡን ግን አሳጥረው አይንገሯቸው፤ ታሪኩን ከእርስዎ ከሰሙ ለምን ያነባሉ?

ልጁ የሚያነበው በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ ስላልሆነ ከሌሎች መምህራን ጋር ይነጋገሩ። በሻይ ሰዓት የሳይንስና የኅብረተሰብ መምህሩን «በዚህ ሳምንት ልጆቹን ምን ቃል አስቸገራቸው?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መልስ የሳይንስ ቃል አይደለም፤ «አነጻጽር»፣ «አብራራ»፣ «ዘርዝር» የሚሉ ትእዛዞች ናቸው። ትምህርቱን እያወቀ «አብራራ» ሲባል ዘርዝሮ የሚመጣ ልጅ ማርክ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ደግሞ ቃሉን በሁለቱም ቋንቋ ጎን ለጎን ያለማምዱት፤ በአማርኛ ማነጻጸር የሚችል ልጅ በእንግሊዝኛ የሚቀረው ስሙን መማር ብቻ ነው።

የስምንተኛ ክፍል መምህር ከሆኑ ፈተናውን ችላ ማለት አይችሉም፤ እኔም ችላ ይበሉት አልልም። ነገር ግን አርባ የሞዴል ጥያቄ አሠርቶ ፊደሎቹን ከማረም፣ አንድ ምንባብና ሦስት ጥያቄ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይውሰድ። ተማሪው ትክክለኛውን ከመረጠ በኋላ ከቀሩት ሦስት ምርጫዎች ጎን ለምን እንደጣላቸው በአጭሩ ይጻፍ፦ «ምንባቡ ውስጥ የለም»፣ «ምንባቡ ተቃራኒውን ይላል»፣ «እውነት ነው፣ ግን የተጠየቀውን አይመልስም»። የመጨረሻው ዓይነት ምርጫ ነው ጎበዞቹን የሚያስተው። ማርኩንም ከምርጫው ይልቅ ለተጻፈው ምክንያት ይስጡ፤ በገመተና ባነበበ ልጅ መካከል ያለውን ልዩነት ወረቀቱ ላይ ያዩታል፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ሥራዎንም ከዚያው ያቅዱታል።